የማዕድ ፎቶ በቤት ውስጥ፦ ወጡ ለምን ይጠቁራል? እንጀራውስ ዓይኑ ለምን ይጠፋል?

ቤት ውስጥ ምግብ ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ያነሳው ሳያምርለት ሲቀር በመጀመሪያ የሚወቅሰው ስልኩን ወይም ካሜራውን ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። እየቆየሁ ስሞክር ግን አብዛኛው ጥፋት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ልብ ካለማለት የሚመነጭ መሆኑን ተረዳሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች በየምልክታቸው ቢቀርቡም የብዙዎቹ መፍትሔ ወደ መስኮቱ ይመልሰናል።

ወጡ ጠቁሮ ሲታይ፣ ላዩም ሲያብለጨልጭ

ለፎቶ ከሚያስቸግሩት ምግቦች ዶሮ ወጥን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ፎቶዬን እናቴ አይታ «አረረብህ እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ወጡ ግን አላረረም ነበር። ካሜራ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደሆነ ቆጥሮ ብርሃኑን ስለሚመጥን፣ ከሥዕሉ አብዛኛውን የያዘው ነጭ እንጀራ ሲሆን ብርሃን የበዛ መስሎት ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ድሮም ጠቆር ያለው ወጥ ያን ጊዜ ከሰል ይመስላል። በስልክ የሚያነሳ ሰው ስክሪኑ ላይ ወጡን ነክቶ የሚመጣለትን የብርሃን መቆጣጠሪያ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይችላል። እንጀራው ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ መጥፋት ከጀመረ ግን ብርሃን መጨመሩን ትቶ፣ ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን በማቆም ወደ ወጡ ጥላ ብርሃን መመለስ ይሻላል። ካርቶኑን ከሳህኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አቁመው ቀስ በቀስ ቢያስጠጉት፣ በእንቁላሉ ሥር ተውጦ የነበረው ቀይ ቀለም በዓይን እየታየ ይወጣል።

የሚያብለጨልጨው ነገር ሌላ ምክንያት አለው። በወጡ ላይ የተንሳፈፈው ንጥር ቅቤ እንደ መስታወት ስለሆነ የመስኮቱን ምስል እንዳለ ይመልሰዋል፤ መስኮቱ ራቅ ካለ ወይም ፀሐይ በቀጥታ ከገባበት ነጸብራቁ ትንሽና የተቆረጠ ነጭ ነጥብ ይሆናል። መስኮቱ ላይ ስስ ነጠላ ወይም ነጭ መጋረጃ ሲሰቀል ብርሃኑ ስለሚለዝብ ነጸብራቁም ሰፍቶ ይደበዝዛል። ሌንስ ፊት የሚገጠመው፣ ፖላራይዘር የሚባለው ነጸብራቅ መቀነሻ ማጣሪያም ያግዛል፤ ነገር ግን ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ ይወስዳል፣ ነጸብራቁንም ጨርሶ ሲያጠፋው ወጡ የደረቀና የከረመ ይመስላል። ቅቤው እንዲታወቅ ጥቂት ብልጭታ መቅረት አለበት። ለጀማሪ ከዶሮ ወጥ ይልቅ በያይነቱን የምመክረው ለዚህ ነው፤ ቀለማቱ እርስ በርስ ስለሚለያዩ ብርሃኑ ፍጹም ባይሆንም ያምራል።

እንጀራው ዓይን የሌለው ሲመስል

እዚህ ጥፋተኛው የስልኩ ፍላሽ ወይም ከአንሺው ጀርባ የሚመጣ ብርሃን ነው። የእንጀራ ዓይን የሚታየው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ሲኖር ስለሆነ፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላውን አጥፍቶ እንጀራውን እንደ ወረቀት ለጥ ያደርገዋል። ፍላሹን አጥፍቶ፣ ትሪውን ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲነካው ከመስኮቱ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል።

ቀለሙ ሲበላሽ

አይቡ ቢጫ፣ ጎመኑም ቡናማ መስሎ ከታየ አምፖሉ በርቷል ማለት ነው። ሞቅ ያለ ቀለም ያለው የቤት አምፖል 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን የቀን ብርሃን ደግሞ 5500 አካባቢ ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ የሳህኑ አንድ ወገን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፣ አንዱን በኋላ በማስተካከያ ሲያርሙትም ሌላው ይበላሻል። ስለሆነም አምፖሉን ማጥፋት፣ ማታ ከሆነም አንድ ዓይነት አምፖል ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ፎቶ ነጭ ወረቀት ከምግቡ ጎን አስቀምጦ ማንሳትም ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጩን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ የሚያደርገውን ቅንብር) ለማስተካከል መነሻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አይቡ አረንጓዴ ከመሰለ ግድግዳውን ይመልከቱ፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ወይም ደማቅ መጋረጃ የራሱን ቀለም ወደ ምግቡ ይረጫል።

ከካሜራው የሚመጡ ጥቂት ችግሮች

በሥዕሉ ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ከታዩ የአምፖሉ መርገብገብ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም ብርሃኑ ሁለቴ ይጎላል) አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ መስመሩን ያጠፋዋል። አሜሪካ ያለ አንባቢ በ60 ኸርዝ ስለሚኖር 1/60 ወይም 1/120 ይሞክር። የጀበናው አንገት ከተጣመመ ወይም የሳህኑ ጠርዝ ከተለጠጠ ስልኩ ከመጠን በላይ ቀርቧልና ራቅ ብሎ ሁለት እጥፍ አቅርቦ ማንሳት ነው። ፎቶው በሙሉ ከደበዘዘ እጅ ተንቀጥቅጧል፤ ስልኩን መጻሕፍት ላይ አስደግፎ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን መጠቀም ይበቃል። አንዱ እንቁላል ብቻ ጠርቶ የቀረው የደበዘዘው ግን በካሜራ ሲያነሱ ሌንሱ በጣም ስለተከፈተ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚወስነውን ቁጥር ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ላይ አድርገው ያጥብቡት።

ምግቡ ሳይነሳ ሲያረጅ

ወጡ ላይ ነጭ ቆዳ የመሰለ ነገር የሚታየው ቅቤው ስለረጋ ነው፤ በነሐሴ ብርድማ ደቂቃዎች ይበቁታል። መፍትሔው ባዶ ሳህን አስቀምጦ ብርሃኑንና አቀማመጡን አስቀድሞ መጨረስ፣ ትኩሱን ወጥ በመጨረሻ ማቅረብ ነው። እንጀራውም ጠርዙ ደርቆ እንዳይጠቀለል እስከዚያው በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ። በረጋው ላይ ሞቅ ያለ ቅቤ በማንኪያ ጀርባ ቀባ ቀባ ቢያደርጉት ለጥቂት ፎቶዎች ያህል ነፍስ ይዘራል።

የቡናው እንፋሎት አልታይ ካለ ደግሞ ከጀርባው ነጭ ነገር አለ ማለት ነው። ከሲኒው በስተኋላ ጠቆር ያለ ጨርቅ ዘርግተው መስኮቱን በሲኒው ኋላና ጎን በኩል ቢያደርጉት፣ ገና ከጀበናው የተቀዳ ቡና እንፋሎቱ እንደ ቀጭን ክር ሲወጣ ይታያል፤ ይህም ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቡናውን የሚቀዳው ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል።