ፋይበር፣ ካት 6 እና ኤስኤፍፒ ስዊች ላይ ሲሰኩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኘው መሣሪያ) ራክ ላይ ታስሯል፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ የፖርቱ መብራት ግን አልበራም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስዊቹን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው የገመዱ ጫፍ ላይ ነው፤ ካልሆነም በሁለቱ ጫፎች የተሰኩት ኤስኤፍፒ ሞጁሎች (ስዊቹን ከፋይበሩ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ መሰኪያዎች) አይስማሙም። ከዚህ የባሰው ደግሞ መብራቱ በርቶ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ነው። አረንጓዴ መብራት የሚያሳየው ሁለቱ ጫፎች መገናኘታቸውን ብቻ ነው፤ መረጃው ሳይበላሽ ለማለፉ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከታች ያሉት ስህተቶች በጣም በተለመደው አሠራር ላይ የሚታዩ ናቸው፦ ሁለት ሕንፃዎች በፋይበር ተገናኝተው፣ በየሕንፃው ውስጥ ለኮምፒውተር፣ ለካሜራና ለዋይፋይ ካት 6 (የመዳብ ኔትወርክ ገመድ) ሲዘረጋ።

ሞጁልን በቅርጹ መምረጥ

ኤስኤፍፒ እና ኤስኤፍፒ ፕላስ በመልክም በመጠንም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው 1 ጊጋቢት፣ ሁለተኛው 10 ጊጋቢት ነው። የ1 ጊጋ ሞጁል በአብዛኞቹ ስዊቾች የ10 ጊጋ ፖርት ላይ ይሠራል፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን የፖርቱን ፍጥነት በእጅ ወደ 1 ጊጋ ማውረድ ያስፈልጋል። የ10 ጊጋ ሞጁል የ1 ጊጋ ፖርት ላይ አይሠራም።

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ይመልከቱ። ኤስአር (ለአጭር ርቀት የሚሆነው ሞጁል) 850 ናኖሜትር፣ ኤልአር (ለረጅም ርቀት የሚሆነው) 1310 ናኖሜትር ነው። አንዱን ጫፍ ኤስአር፣ ሌላውን ኤልአር አድርገው መብራት አይጠብቁ። በአንድ ክር የሚሠራው ባይዳይ ሞጁል ደግሞ በጥንድ ነው የሚገዛው፦ አንዱ በ1270 ልኮ በ1330 ከተቀበለ፣ ማዶ ያለው በ1330 ልኮ በ1270 መቀበል አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ባይዳይ ገዝቶ መምጣት የተለመደና ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ነው።

የስዊቹ አምራችም ጉዳይ አለ። ሲስኮን የመሳሰሉ ስዊቾች የማያውቁት ሞጁል ሲገባባቸው ፖርቱን ሊዘጉት ይችላሉ። ከመግዛትዎ በፊት የስዊቹን ሞዴል ለሻጩ ነግረው ለዚያ ኮድ የተደረገ ሞጁል ይጠይቁ።

የቆየውን ፋይበር ሳያነቡ ፍጥነት መጨመር

ነባሩ ብርቱካናማ ፋይበር 200 ሜትር ላይ ለዓመታት 1 ጊጋ ሲያስተላልፍ ኖሯል እንበል። ሞጁሎቹ በ10 ጊጋ ኤስአር ሲቀየሩ ግንኙነቱ ይጠፋል ወይም ይቆራረጣል። የሽፋኑን ጽሑፍ ሲያነቡ 62.5/125 የሚል ከሆነ ኦኤም1 (የቆየ የመልቲሞድ ፋይበር ደረጃ) ነው፤ ኤስአር በእሱ ላይ የሚደርሰው እስከ 33 ሜትር ብቻ ነው። በኦኤም3 300፣ በኦኤም4 400 ሜትር ይደርሳል። ለሁለት ሕንፃዎች አዲስ የሚዘረጋ ከሆነ እኛ የምንመክረው ሲንግል ሞድ (እምብርቱ በጣም ቀጭን የሆነ የረጅም ርቀት ፋይበር) ነው፤ ከኤልአር ጋር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ነገ ፍጥነት ሲጨምርም ገመዱ አይነቀልም። ቀለም ይረዳል (ቢጫ ሲንግል ሞድ፣ ውሃ ሰማያዊ ኦኤም3)፣ ግን ሁሉም አምራች ስለማያከብረው የሚታመነው ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ሳያጸዱ መሰካት

ይህ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ነው። በሲንግል ሞድ ፋይበር ውስጥ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት 9 ማይክሮን ብቻ ነው። በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት እዚያ ላይ ካረፈች ብርሃኑን ታዳክማለች። በዚያ ላይ ሲሰካ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ ስለሚጫኑ ቅንጣቷ መስታወቱን ትጭራለች፤ የተጫረ ጫፍ ደግሞ በማጽዳት አይመለስም። አዲስ ከማሸጊያው የወጣ ፓች ኮርድም (አጭር ማገናኛ ገመድ) ንጹሕ ነው ብለው አይመኑ፤ የፕላስቲክ ክዳኑ ራሱ ቆሻሻ ይተዋል።

ለኤልሲ (ትንሹ የፋይበር ኮኔክተር) የ1.25 ሚሊ ሜትር፣ ለኤስሲ (ትልቁ) የ2.5 ሚሊ ሜትር የብዕር ማጽጃ ይያዙ። ጫፉ ላይ ገጥመው ቀጭ እስኪል አንድ ጊዜ ይግፉት። የገመዱን ጫፍ ብቻ አጽድተው አይተዉት፤ የፓች ፓነሉን (ገመዶቹ የሚሰበሰቡበት ሰሌዳ) ወዲያኛ ፊትም በአዳፕተሩ በኩል ያጽዱ፣ ወዲያው ይሰኩ። በአፍ እፍ አይበሉ፣ በልብስም አይጥረጉ፤ እርጥበትና የጨርቅ ብናኝ ይጨመርበታል። ብርሃን መኖሩን ለማየት ጫፉን ወደ ዓይንዎ አያቅርቡ። 1310 ናኖሜትር ለዓይን አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።

አረንጓዴን ከሰማያዊ ጋር መግጠም

ሰማያዊ ኮኔክተር ዩፒሲ (ጫፉ ያልተዳፋ) ነው፤ አረንጓዴው ኤፒሲ ሲሆን ጫፉ በ8 ዲግሪ ተዳፍቶ የተቆረጠ ነው። ከቴሌኮም ድርጅት ወደ ቤትና ቢሮ የሚገባው ፋይበር ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ኤስሲ ያልቃል፤ የስዊች ሞጁሎች ግን የሚቀበሉት ዩፒሲ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑ ይባክናል። መፍትሔው አንዱ ጫፉ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ፓች ኮርድ ነው።

«ጠንካራው ይሻላል» ብሎ የ80 ኪሎ ሜትር ሞጁል መግዛት

ዜድአር የሚባለው የ80 ኪሎ ሜትር ሞጁል ከ0 እስከ 4 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ይልካል፤ ተቀባዩ ግን ከ-7 ዲቢኤም በላይ አይችልም። በ300 ሜትር ገመድ ላይ ያለ አቴኑዌተር (ብርሃኑን የሚቀንስ መሣሪያ) ከተሰካ ተቀባዩን ሊያቃጥለው ይችላል። ኤልአር ለአጭር ርቀትም ያለ ምንም ጭማሪ ይሆናል።

ዋናው ነገር ንባቡን ማየት ነው። ሞጁሉ ካልደገፈው በስተቀር ስዊቹ የሚገባውን ብርሃን በዲቢኤም ያሳያል። ለ10 ጊጋ ኤልአር ከ-14.4 በታች ከወረደ ደካማ ነው። -40 አካባቢ ካሳየ ምንም ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የሚሞከረው በአንድ ጫፍ ብቻ የኤልሲውን ሁለት ክሮች ቦታ መለዋወጥ ነው፣ ላኪ ከላኪ ጋር ተገናኝቶ ይሆናልና።

በካት 6 ላይ የሚሠሩት

ስምንቱን ሽቦዎች በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ ካደረግኩ ይበቃል ብሎ ጥንድ ቀለሞችን ጎን ለጎን መደርደር ከባድ ስህተት ነው። ተራው የመብራት ቴስተር ከ1 እስከ 8 አሟልቶ ያበራል፣ ስሕተቱን አያሳይም፤ ጊጋቢት ላይ ግን ስህተት ይበዛል ወይም ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። አንድ ጥንድ የግድ 3 እና 6 ላይ መግባት አለበት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ። ርዝመቱ ፓች ኮርዶቹን ጨምሮ ከ100 ሜትር አይበልጥ።

ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በፒኦኢ (ኤሌክትሪኩን በዚያው የኔትወርክ ገመድ እያገኘ) ለሚሠራ ካሜራ አይጠቀሙበት፤ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚበልጥ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ገመዱም ይሞቃል። ካሜራው ቀን ሠርቶ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ እየጠፋ ከተነሣ ይህንን ይጠርጥሩ።

ሁለት ሕንፃዎችን በመዳብ አያገናኙ፤ በክረምት የመብረቅ ሞገድ በገመዱ ገብቶ የሁለቱንም ወገን ስዊች ይዞ ይሄዳል። የ10 ጊጋ መዳብ ሞጁሎችንም ጎን ለጎን አይደርድሩ፣ በጣም ይሞቃሉ።

አንዱን ጫፍ በ100 ሜጋቢት ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) አስሮ ሌላውን አውቶ ላይ መተውም አለ። አውቶው ወደ ሃፍ ዱፕሌክስ (በየተራ መላክና መቀበል) ይወርዳል፣ መብራቱ እንደበራ ፍጥነቱ ይሞታል። ወይ ሁለቱም አውቶ፣ ወይ ሁለቱም ቋሚ ይሁኑ።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ የፖርቶቹን ቆጣሪ ዜሮ ያድርጉ፣ ትልቅ ፋይል በሁለቱም አቅጣጫ ያስተላልፉ፣ ከዚያ የሲአርሲ ስህተቱን (ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ ቁጥር) ይመልከቱ። ከዜሮ ከተነሣ ጫፉን እንደገና ያጽዱ፣ ፓች ኮርዱን ይቀይሩ፣ ሞጁሉን በመጨረሻ ይንኩ። ዜሮ ከሆነ የእያንዳንዱን ፋይበር የዲቢኤም ንባብ ከቀኑ ጋር ጽፈው ራኩ በር ላይ ይለጥፉ።