ቴከን 3 ላይ ከወንበር የሚያስነሱ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባሉ ጌም ቤቶች ሕጉ አንድ ነው፦ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። የጌም ኩባንያው ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአርኬድ (በሳንቲም ለሚሠሩ የጌም ማሽኖች) ያወጣው፣ በ1998 ወደ ፕሌይስቴሽን ያሻገረው የድብድብ ጌም፣ ቴከን 3፣ የጣት ፍጥነት ብቻ የሚፈልግ ይመስላል። ብዙ ልጆች ግን ገንዘባቸውን የሚጨርሱት ጣታቸው ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም፤ ተጋጣሚያቸው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ስለማይገምቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ቁጭ ብሎ መቅረት ነው። ጀማሪ አንዴ እግሩን ከተመታ የአቅጣጫ ቁልፉን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዞ አይለቅም። ቴከን ላይ ምት በሦስት ከፍታ ይመጣል፦ የላይ፣ የመካከልና የታች። የላዩ ቁጭ ባለ ሰው አናት ላይ ያልፋል። የታቹን ቁጭ ያለ ይመክተዋል። የመካከሉ ግን ቁጭ ያለን ሰው ሰብሮ ይገባል። ወደ ኋላ ይዞ የቆመ ደግሞ የላዩንም የመካከሉንም ይመክታል፣ የሚያገኘው የታቹ ብቻ ነው። አሁን ጉዳቱን አስሉት። የታች ምቶች አብዛኞቹ የሚቀንሱት ደም ትንሽ ነው፤ ከተዋጊዎቹ አንዱ ፖል የአቅጣጫ ቁልፉ ከታች ወደ ፊት ሲዞር በቀኝ እጁ የሚሰነዝረው ቡጢ ግን የመካከል ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። ስለዚህ መነሻችሁ ቆሞ መመከት ይሁን፤ ቁጭ የምትሉት የታች ምት እንደሚመጣ ስትገምቱ ብቻ ነው። የፖልን ቡጢ ቆማችሁ ከመከታችሁት እጁን እስኪሰበስብ ክፍት ነው፣ ያኔ ምቱት።

ሁለተኛው ኤዲ የሚባለውን ተዋጊ መርጦ የእግር ቁልፎችን መደብደብ ነው። ካሬው ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሱ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር ነው፤ ለእያንዳንዱ እጅና እግር የራሱን ቁልፍ መስጠቱ ለእኔ የቴከን ትልቁ ውበት ነው። ኤዲ ጭፈራ የሚመስለው የብራዚል የድብድብ ስልት፣ የካፖኤራ፣ ተጫዋች ስለሆነ ኤክስና ክብን ዝም ብለው ቢደበድቡም ሲሽከረከር ያምራል፣ ጀማሪንም ያሸንፋል። የሚያሸንፈው ግን ተጋጣሚው የትኛው ምት ከታች እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ዕለት ያበቃል። አሥር ተከታታይ ምት በቃል ይዞ በዚያ ብቻ መመካትም ያው ነው፦ ቅደም ተከተሉ ስለማይለወጥ የታች ምቱ ስንተኛው ላይ እንደሆነ የለየ ሰው እዚያ ጋ ቁጭ ብሎ ይመክትና መልሶ ይመታል።

ትግል ገጣሚው ኪንግ ሲይዛችሁ ጆይስቲኩን ለቃችሁ አትመልከቱ። ተራውን የፊት ለፊት አያያዝ እንደ ዓይነቱ በግራ ወይም በቀኝ እጅ ቁልፍ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ወዲያው መጫን ግን ይጠይቃል። ደግሞም ቆሞ የሚይዝ ሰው ቁጭ ያለን አያገኝም። እየተደጋገመ የሚይዛችሁ ካለ ቁጭ በሉበት፤ አስቀድሜ ቆማችሁ መክቱ ያልኩት እዚህ ጋ ይላላል።

መዝለል የሚያበዙም አሉ። አየር ላይ ያለ ሰው መመከት አይችልም፤ ከተመታ መሬት ሳይነካ ደጋግመው ይመቱታል። ወደ ጎን መሸሽን ለሁሉም ተዋጊ የሰጠው ቴከን 3 ስለሆነ ተጠቀሙበት፦ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። በቀጥታ የሚመጣ ቡጢ ያልፋችኋል፣ ተጋጣሚያችሁ ጎኑን ሰጥቷችሁ ይገኛል።

በመጨረሻም በወደቁ ቁጥር እግር እየሰነዘሩ መነሳት። ጎረምሳ ሁሉ እልህ ይዞት ይህን ያደርጋል፣ ልምድ ያለው ደግሞ ራቅ ብሎ ይጠብቀዋል፤ እግሩን መክቶ እንደገና መትቶ ይጥለዋል። ወደ ጎን መንከባለልም፣ ተኝቶ ጥቂት መቆየትም አለ። ሦስቱን እያቀያየራችሁ ተነሱ።