የዱር ኦቾሎኒን ለመኖ ሲያለሙ የዘረመል ብዝኃነቱን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ኦቾሎኒ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በዚያው ምድር በርካታ የዱር ዘመዶች አሉት። ከእነዚህ መካከል በመኖነታቸው የታወቁት አራኪስ ፒንቶይ እና አራኪስ ግላብራታ ከዓመት ዓመት የሚቆዩ፣ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙና ከብት የሚወዳቸው ናቸው። ፒንቶይ አሲዳማ አፈርን ስለሚችል ለምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ግን ቅጠሉ ስለሚመታ አልመክረውም።

ዋናው ችግር የመነሻ ዘሩ ጠባብነት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ባሂያ ግዛት ከተሰበሰበ አንድ ናሙና፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አማሪሎ ተብሎ የተለቀቀውም ሆነ በላቲን አሜሪካ በሌሎች ስሞች የተሰራጩ በርካታ ዝርያዎች ተገኝተዋል። ግላብራታ ደግሞ ዘር የሚሰጠው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ ይባዛል። ስለዚህ ከአንድ ጎረቤት ጓሮ በተቆረጠ ግንድ ሙሉ ማሳ ቢሸፈን፣ ያ ማሳ በዘረመሉ አንድ ተክል ነው፤ በሽታ ቢገባ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።

በመሆኑም ሥራው የሚጀምረው መነሻቸው የተለያየ ናሙናዎችን ከማሰባሰብ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም አዲስ አበባ የሚገኘውን የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ ምን እንዳላቸው መጠየቅ ይገባል። የዝርያውን ስም ብቻ ሳይሆን የናሙናውንም ቁጥር፣ ማለትም የዘር ባንኩ ለየናሙናው የሰጠውን መለያ፣ ይጠይቁ፤ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ዝርያዎች የአንድ ናሙና ልጆች ሊሆኑ ይችላሉና።

ዝናቡ በሰኔ ሲደላደል፣ ከሦስት ያላነሱ አንጓዎች ያሉትን የፒንቶይ ሐረግ ቆርጠው ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ይቅበሩ። ለየናሙናው የራሱን መደብ ይስጡ፤ በመደቦቹ መካከል ሰፊ ባዶ መሬት ይተዉና የሚሻገረውን ሐረግ በየጊዜው ይቁረጡ። በየመደቡ ችካል ተክለው ቁጥሩን ይጻፉበት፤ ዝናብ ስለሚያጠፋው በደብተርም ይመዝግቡ። በመጀመሪያው ክረምት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አረሙ በእጅ መነቀል አለበት።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ፒንቶይ አበባው ከላይ ቢታይም ፍሬውን የሚያፈራው አፈር ውስጥ ነው፤ መደቡን ቢቆፍሩና ሐረጉን ቢያነሱ እንኳ የቀረው ፍሬ በሚቀጥለው ክረምት ይበቅላል። ስለዚህ አንድ ናሙና በነበረበት መደብ ላይ ሌላ ናሙና አይትከሉ። በተጨማሪም ተክሉ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብ አልፎ አልፎ ስለምታዳቅለው፣ ናሙናው ሳይለወጥ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ከፍሬው ይልቅ በሐረጉ ያባዛ፤ አዲስ ልዩነት የሚፈልግ ግን ከተጎራባች መደቦች የተገኘውን ፍሬ ለይቶ ይዝራ።

ናሙናዎቹ ጎልተው የሚለዩት በበጋ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቅጠሉን የማያራግፈውን፣ ዝናብ ሲመለስ ቀድሞ የሚያቆጠቁጠውን ይመዝግቡና እሱን ያስፋፉ። የተሸነፉትንም ቢሆን በትንሽ መደብ ያቆዩአቸው፤ ለጎረቤት ሐረግ ሲሰጡም ከየመደቡ ጥቂት ጥቂት ቆርጠው፣ ለየብቻ አስረው፣ ከነቁጥሩ ይስጡ።