የቢሮን ኔትወርክ ከግል ክላውድ ጋር ስናገናኝ፦ ከመስመሩ በፊት አድራሻው

ድርጅቶች ሰርቨሮቻቸውን ወደ ግል ክላውድ (ለእነሱ ብቻ ወደተለየ፣ ከቢሮ ውጭ ወዳለ የሰርቨር ሥርዓት) ሲያዛውሩ ወሬው ሁሉ ስለ ሰርቨሮቹ ነው። መንገዱን የሚያስታውስ የለም። እኔ የምጠራው በመጨረሻው ሳምንት ነው። «ሁሉም አልቋል፣ መስመሯን ብቻ አገናኝልን» እባላለሁ። ያቺ «ብቻ» ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳችኝ!

መስመር ከመምረጣችሁ በፊት የሁለቱንም ወገን አድራሻ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ለውስጥ ኔትወርክ የተተዉት አይፒዎች (የኮምፒውተር አድራሻዎች) ሦስት ክልል ብቻ ናቸው፦ በ10 የሚጀምረው፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው እና 192.168። ዓለም ሁሉ የሚቀዳው ከእነዚሁ ስለሆነ ግጭት ብርቅ አይደለም።

አንድ ጊዜ ያገናኘሁት ቢሮም ክላውዱም 192.168.1 ነበሩ። ልብ አላልኩም። ታነሉ (ሁለቱን ኔትወርኮች የሚያገናኘው የተመሰጠረ መንገድ) ተነሳ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ የሒሳብ ሰርቨሩን ፒንግ ሳደርገው («አለህ?» ብዬ ስጠይቀው) መለሰ። ተጨባበጥን። ፕሮግራሙ ግን አልከፍት አለ። ግማሽ ቀን ፋየርዎሉን (የኔትወርኩን በር ጠባቂ) ስበረብር ዋልኩ። የመለሰልን ማን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው፦ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው አሮጌ ፕሪንተር! አይፒው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ነበር። ኮምፒውተር አድራሻው የራሱ ሰፈር ከመሰለው ራውተሩን አያስቸግርም፤ እዚያው ጎረቤት ይጠይቃል።

አድራሻ እየቀያየሩ ናት (NAT) በሚባለው ዘዴ ማለፍ ይቻላል። እኔ አልመክርም። ክላውዱ ገና ባዶ ሳለ የእሱን ቁጥር ቀይሩት። አንዴ 40 ሰርቨር ከገባበት በኋላ ማንም አያስነካችሁም።

ቀጥሎ በመስመሩ ምን እንደሚያልፍ አስሉ። 1 ቴራባይት ባክአፕ በ100 ሜጋቢት መስመር፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት፣ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። «ሌሊት ያልቃል» የሚላችሁን ሰው ይህን ሒሳብ አሳዩት። ርቀትም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዳታ ሴንተሩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ነው። ትንሽ ይመስላል። አንድ ገጽ ለመክፈት ዳታቤዙን ተራ በተራ 500 ጊዜ የሚጠይቅ ፕሮግራም ካላችሁ ግን 5 ሰከንድ ሆነ። ይሄንን መስመር በማስፋት አትፈቱትም። ፕሮግራሙም ከዳታቤዙ አጠገብ ይሂድ።

አሁን ወደ መስመሩ። አብዛኛው ሰው መጀመር ያለበት በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ አይፒሴክ ቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ ታነል፣ ነው ባይ ነኝ። ፋየርዎሉም ኢንተርኔቱም አላችሁ፤ ሁለቱም ወገን ከተግባባ በአንድ ቀን ይሠራል። አይኬኢ 2ን (ሁለቱ ወገኖች በቁልፍ የሚስማሙበትን ደንብ) ምረጡ። ዩዲፒ ፖርት 500 እና 4500 ፋየርዎሉ ላይ ክፍት ይሁኑ። የምስጠራ ዓይነት፣ ቁልፍ፣ የእድሳት ጊዜ፣ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ለሁለቱም ወገን ያንኑ ገጽ ስጡ። በስልክ እየተነጋገሩ መሙላት ጣጣ ነው። አንዲት ነገር ከተለየች ታነሉ አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ከሰዓታት በኋላ፣ ቁልፍ በሚታደስበት ሰዓት፣ እናንተ ቤት ከገባችሁ በኋላ ይወድቃል።

ቪፒኤን ላይ በተደጋጋሚ የምጠራበት ችግር ሌላ ነው። ሰዎች ገብተው ሎግኢን ያደርጋሉ፣ ትንንሹ ነገር ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ሲከፍቱ ስክሪኑ ይደርቃል። ይሄ የኤምቲዩ (መንገዱ የሚያሳልፈው የትልቁ ፓኬት ልክ) ጉዳይ ነው። መደበኛ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) 1,500 ባይት ይይዛል። አይፒሴክ የራሱን ልብስ ሲደርብበት በበሩ አያልፍም። «አትቁረጥ» የሚለውን ምልክት አብርታችሁ በ1,472 ባይት ፒንግ አድርጉ። ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ ቀንሱ። ያለፈው ቁጥር ላይ 28 ስትደምሩ የመንገዱን ልክ ታገኛላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ፋየርዎሉ ላይ የቲሲፒ ኤምኤስኤሱን (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የዳታ ልክ) 1,350 አድርጌው ነገሩ ያልቃል።

ባክአፑ ከከበደ፣ ወይም ኢንተርኔቱ ከሰዓት በኋላ የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ልዩ መስመር (ለእናንተ ብቻ የሚሰጥ) ግዙ። ትልልቆቹ ክላውዶች ይሄንን አማዞን ዳይሬክት ኮኔክት፣ ማይክሮሶፍት ኤክስፕረስራውት፣ ጉግል ክላውድ ኢንተርኮኔክት ብለው ይሸጡታል። የግል ክላውዳችሁ ኪራይ ዳታ ሴንተር ውስጥ ከሆነም ያው ነው፦ ከቢሮ እስከዚያ ፋይበር፣ ከዚያ በሕንፃው ውስጥ እስከ ራካችሁ (የሰርቨር መደርደሪያችሁ) የምትሳብ አጭር ኬብል። ያቺን አጭር ኬብል ቀድማችሁ እዘዙ፤ ትረሳለች። ደግሞም «የግል መስመር» ማለት የተመሰጠረ ማለት አይደለም። ምስጢር ያለው ነገር የሚያልፍ ከሆነ ማክሴክ (ሌላ የመመስጠሪያ ዘዴ) ወይም አይፒሴክ ጨምሩበት።

ሁለት መስመር ስትገዙ የት የት እንደሚያልፉ ካርታ ጠይቁ። ከሁለት ድርጅት የተገዙ ሁለት ፋይበሮች በአንድ ቦይ ሲሄዱ፣ አንድ ቆፋሪ ማሽን ሁለቱንም ሲበጥስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅርንጫፎቻችሁ በኤምፒኤልኤስ (ቴሌኮም ድርጅት በሚያከራየው የቅርንጫፍ ማገናኛ ኔትወርክ) የተሳሰሩ ከሆነ ክላውዱን እንደ አንድ ተጨማሪ ቅርንጫፍ ማስገባት ይቀላል። ኤስዲ-ዋን (የተለያዩ መስመሮችን በሶፍትዌር የሚመራ ሥርዓት) ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ያዋጣል፤ ለአንድ ቢሮ ግን ቅንጦት ነው።

ልዩ መስመሩ ሲመጣ ቪፒኤኑን አታጥፉት። ቢጂፒን (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበትን ደንብ) በሁለቱም ላይ አስኪዱ፤ ልዩ መስመሩ ይቅደም፣ ቪፒኤኑ ተጠባባቂ ይሁን። መሄጃውም መመለሻውም አንድ መንገድ መሆኑን ከሁለቱም ጫፍ አረጋግጡ፤ አለዚያ ሄዶ በሌላ በር የተመለሰውን ፋየርዎሉ ይጥለዋል። ቢኤፍዲም (የመስመሩን መሞት ቶሎ የሚለይ ፈታሽ) አብሩ። ፋይበሩ መሀል መንገድ ላይ ሲበጠስ የእናንተ ፖርት (የኬብሉ መሰኪያ) አረንጓዴ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ቢጂፒ ብቻውን ከተተወ አንዳንድ ራውተር ላይ ሞቱን የሚረዳው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ 3 ደቂቃ ውስጥ ስልካችሁ ስንት ጊዜ እንደሚጮህ አስቡት።

ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታውን ሰርቨር) ሙሉ በሙሉ ወደ ክላውድ አትውሰዱ። አንዷ ቢሮ ውስጥ ትቅር። አለዚያ መስመሩ ሲጠፋ እዚያው ቢሮ ያለ ፋይል ሰርቨር እንኳ በስሙ አይገኝም፣ ሰዉም «ሲስተም የለም» ብሎ ቡና ሊጠጣ ይወጣል።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት የልዩ መስመሩን ኬብል በእጃችሁ ንቀሉ። በኮንፊግ ማጥፋት አይቆጠርም። እኔ ርክክብ ላይ ስነቅል ተጠባባቂው ቪፒኤን አልተነሳም። የክላውዱ ወገን ቁልፉን ከሁለት ወር በፊት ቀይሮ ማንም አልነገረንም ነበር። ኬብሉን መልሼ ሰካሁና ፊርማውን ለሳምንት አዘገየሁት።