ስለ ማይክሮባዮም (በሰውነታችን ላይና ውስጥ ስለሚኖሩ ተሕዋስያን) እና ስለ ኢሚውኒቲ (ስለ ሰውነት መከላከያ) ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁሉንም ነገር በአንጀት ማሳበብ። «አንጀትህን ካከምክ ቆዳህም ይድናል» ሲባል የማይሰማ የለም። ቆዳ፣ ሳንባና አንጀት ግን የየራሳቸው ነዋሪ ባክቴሪያ አላቸው። በ2012 የኢሚውኒቲ ተመራማሪዋ የያስሚን ቤልካይድ ቡድን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሠራውን ሙከራ እንይ። ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ያደጉ አይጦች ቆዳቸው ላይ ሌይሽማንያ ሜጀር የተባለ የቆዳ ቁስል የሚያመጣ ጥገኛ ተሕዋሲ ሲወጉ ተሕዋሲውን በቅጡ መቋቋም አቃታቸው። በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለው ባክቴሪያ ብቻውን ቆዳቸው ላይ ሲቀመጥ ግን መከላከያቸው ነቃ። በአንጻሩ የመደበኛ አይጦች የአንጀት ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ ሲመናመን የቆዳቸው መከላከያ ንቅንቅ አላለም።

ቁስል አነሰ ብሎ ጀርሙ ጠፋ ማለት። የዚህ ሙከራ አስገራሚው ነገር ለእኔ ይኼ ነው፦ ባክቴሪያ አልባዎቹ አይጦች ቁስላቸው ትንሽ፣ በውስጡ ያለው ጥገኛ ተሕዋሲ ግን ብዙ ነበር። እብጠቱና መቅላቱ በከፊል የራሱ የመከላከያው ሥራ ነው።

የአይጥን ውጤት በቀጥታ ወደ ቤት ማምጣት። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ በዋናነት የሚያመጣው ሌላ ዝርያ፣ ሌይሽማንያ ኢትዮፒካ ነው፤ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያሻግረውም የአሸዋ ዝንብ ነው። ስለ ባክቴሪያ አነበብኩ ብሎ ቁስሉን እርጎ የሚቀባ እንዳይኖር! መሄጃው ጤና ተቋም ነው።

ኢሚውኒቲን ገዳይ ብቻ አድርጎ ማየት። በትልቁ አንጀት ዋናው ሥራው ማራራቅ ነው። ግድግዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ሁለት ንብርብር ሲሆን፣ የውስጠኛው ከባክቴሪያ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም ባክቴሪያዎቹን እየያዘ ወደ ግድግዳው እንዳይጠጉ ያግዛል። ፋይበር የሌለው ምግብ በተሰጣቸው አይጦች ላይ፣ የሚበሉት ያጡት ባክቴሪያዎች ይህንኑ ዝልግልግ መብላት ጀምረዋል።

ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ (ለጤና ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ተሕዋሲ) ሁሌም ይጠቅማል ብሎ መደምደም። በ2018 ከእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም የወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች የቀድሞ ባክቴሪያቸው ለመመለስ ይበልጥ እንደዘገየ አሳይቷል። እንጀራንም እንደ ፕሮባዮቲክ የሚያሞግሱ አሉ፤ የእርሾው ተሕዋስያን ግን ምጣዱ ላይ ያልቃሉ። ለአንጀት ባክቴሪያ የሚተርፈው የጤፉ ፋይበር ነው።