ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ የመኪና ሪሞት እምቢ ካለ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመኪና ባትሪ ተነቅሎ ሲታሰር ሪሞቱ ዝም ሊል ይችላል። ያኔ ብዙ ሰው "ኮዱ ጠፋ" ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም። አላርሙ የሚያውቃቸውን ሪሞቶች የሚይዘው ኃይል ቢቋረጥም በማይሰረዝ ሜሞሪ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዋናው ስህተት ሪሞቱን እንደ አዲስ ፕሮግራም ለማስደረግ መሮጥ ነው። በብዙ አላርሞች ላይ አዲስ ምዝገባ ሲጀመር የቀድሞዎቹ ሪሞቶች በሙሉ ይሰረዛሉ። በኪስዎ ያለው ሲሠራ ቤት የቀረው ሥራ ያቆማል። የግድ ከሆነ ያሉትን ሪሞቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በፊት ግን ቀላል ቀላሉን ይፈትሹ።

ሁለተኛው ስህተት ባትሪውን ሳያዩ ሪሞቱን መውቀስ ነው። ተርሚናሉን፣ ማለትም ሽቦው ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን ብረት፣ በእጅዎ ወዝወዝ ያድርጉት። ከተነቃነቀ በደንብ ይጥበቅ፤ ዝገት ካለው ይጸዳ። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ። ባትሪው ሲታሰር ብልጭታ ከነበረ የአላርሙን ፊውዝም ይመልከቱ።

ሦስተኛው፣ ሪሞቱን ደጋግሞ መጫን። ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር አዲስ ኮድ ይልካል፤ መኪናው ደግሞ ተራውን ይከታተላል። መኪናው ኃይል ሳይኖረው ብዙ ጊዜ ከተጫነ ሪሞቱ ቀድሞት ይሄዳል፣ ሁለቱ አይገናኙም። በብዙ ሲስተሞች ላይ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን ያስታርቃቸዋል። የሪሞቱን ትንሽ ባትሪም አይርሱ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ባለ 3 ቮልቱን ሲአር 2032 ነው።

ሳይረኑ ሲጮኽ ሽቦ መቁረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። እባክዎ አይቁረጡ! ብዙ አላርሞች ኃይል ሲቋረጥ የነበሩበትን ሁኔታ ያስታውሳሉ፤ ተቆልፈው ከነበሩ ኃይል ሲመለስ ሌባ እንደመጣ ቆጥረው ይጮኻሉ። በሩን በብረት ቁልፉ ይክፈቱ። ቁልፉን አዙረው የዳሽቦርዱን መብራት ያብሩ፤ ከዚያ የአላርሙን የተደበቀ ትንሽ በተን ይጫኑ። ብዙውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው የሚገኘው። አጫጫኑ እንደ አላርሙ ስለሚለያይ መመሪያውን ያንብቡ። አንዳንድ ሳይረን የራሱ ባትሪ ስላለው የመኪናውን ቢነቅሉትም አይቆምም፤ የሚጠፋው በራሱ ትንሽ ቁልፍ ነው። ሽቦ ከተቆረጠ ግን ብዙ አላርም ከሞተር ማስነሻው መስመር ጋር ስለተያያዘ መኪናው ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ያንኑ በተን ሳያውቁ ነክተውትም ሊሆን ይችላል። ትንሿ የአላርም መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን ትታ ያለማቋረጥ ከበራች፣ አላርሙ ለጊዜው እንዲያርፍ ታዟል ማለት ነው። አልተበላሸም።

ሪሞትንና የቁልፉን ቺፕ (ቁልፉ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደውን) አንድ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። ቺፑ የራሱ ባትሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሪሞቱ ሞቶም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ከተነሳ ችግሩ የሪሞቱ ወይም የአላርሙ ብቻ ነው። ለኤሌክትሪሺያኑ ይህን ቀድመው ይንገሩት፤ ፍለጋውን ያሳጥርለታል።

በመጨረሻም ባትሪው በሚታሰርበት ጊዜ ቁልፉን መኪናው ውስጥ አይተዉ። ኃይል ሲመለስ በሮቹ በራሳቸው ሊቆለፉ ይችላሉ። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፣ አንድ መስኮትም ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ዝቅ ይበል።