ትዝታን በኪቦርድ አጥርቶ መቃኘት

ኪቦርድ በትዝታ ቅኝት (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ክራር ሲያጅብ ሚ ላይ የሚሰማው መሻከር ከክራሩ አይመጣም። ክራር ተጫዋቹ ክሮቹ እስኪስማሙ ድረስ በጆሮው ይቃኛል፤ ኪቦርዱ ግን ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ፣ በየ100 ሴንቱ (ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው) ቆርጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሚው ከተፈጥሮው በ14 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ትዝታ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ብዙዎቹ የያማሃ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ኖት ቅኝት ለየብቻ የሚያስተካክል፣ ስኬል ቲዩን የሚባል ገጽ አላቸው። ቤዝ ኖቱን (የቅኝቱን መነሻ) ዶ አድርጉና ቪብራቶ (መርገብገብ) የሌለው የኦርጋን ድምፅ ምረጡ፤ ኮረስና ሪቨርብ (ድምፁን የሚያበዙና የሚያስተጋቡ ኢፌክቶች) ይጥፉ። ፒያኖ ቶሎ ስለሚከስም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

መካከለኛውን ዶ ከሶል ጋር ይዛችሁ ቆዩ። ድምፁ በሰከንድ አንዴ ያህል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሶልን 2 ሴንት ከፍ ስታደርጉት ይረጋል። ሬንም እንዲሁ ከሶል ጋር አስማምታችሁ አውጡት፣ +4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሚ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ከዶ ጋር ስትይዙት በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። አንድ አንድ ሴንት እያወረዳችሁ ስሙት፤ መንቀጥቀጡ እየዘገየ፣ እየሰፋ ሄዶ −14 ላይ ቀጥ ይላል። እስከ −17 አልፋችሁ መልሱት፤ ጆሮ ቦታውን የሚይዘው ከሁለቱም ወገን ሲመጣ ነው። ፒዩር ሜጀር የሚለው ዝግጁ ምርጫ ይህን በአንድ ጊዜ ይሠራላችኋል፤ እኔ ግን ጀማሪ በእጁ ቢያደርገው እመርጣለሁ።

ላ ያከራክራል። −16 ብታደርጉት ከዶና ከሚ ጋር ይጠራል፣ ነገር ግን ከሬ ጋር ያለው አምስተኛ (እንደ ዶና ሶል ያለው ርቀት) በ22 ሴንት ያህል ጠብቦ ይጮኻል። +6 ብታደርጉት ከሬ ጋር ይታረቃል፣ ከሚ ጋር ይጣላል። እኔ −16ን ይዤ ግራ እጄ ሬና ላን አብሮ እንዳይዝ እጠነቀቃለሁ። ክራሩ ላን ከሬ ያወጣ ከሆነ ግን እሱን ተከተሉ፤ ቅኝቱ የእሱ ነው።

ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ (ቤሞል) ለሚሉበት ለትዝታ ማይነር ሚ ቤሞልን +16፣ ላ ቤሞልን +14 አድርጉ።

ዘፋኙ የሚነሳበትን ድምፅ (ቶኑን) ሲቀይር ቤዝ ኖቱም አብሮ መቀየር አለበት፣ አለዚያ የጠራው ሁሉ ይበላሻል። ቤዝ ጊታር ካለም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) እንደ ኪቦርዱ እኩል የተቆረጠ ስለሆነ ረጅም ኖት ሲይዝ ዶና ሶል ላይ ይቆይላችሁ።